ከቁልፍ ጣሳው የጎደለችው ኪኒን

ጥቅምት 3

እታለም፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የማደሪያውን ደረጃ ተማሪዎቹ ይውጡት፣ አንቺ ከታች ሆነሽ ተጣሪ ብዬሽ ነበር፤ እንደማትሰሚኝም አውቃለሁ። "ደህና ነኝ የሚል ደብዳቤ ከላክሽ ሳልከፍት እመልሰዋለሁ" ስላልሽኝ፣ ይኸው ደህና አይደለሁም ብዬ ጀመርኩ።

ሦስት ወር ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ተቀይሜሽ አይደለም። ምን ላድርግ? በስልክ ካልጮህኩ አትሰሚኝም። ከጮህኩ ደግሞ የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ አማቴ አሉ። ልብስ ስፌት ድርጅቱ ውስጥም ስልክ ሳነሳ አሥራ አንድ ማሽን ባንድ ጊዜ ዝም ይላል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት አነሳሁ። መልስሽን ቤት እንዳትልኪው፣ በድርጅቱ አድራሻ አድርጊልኝ።

ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ የወር አበባዬ ቀርቷል፤ ግን አንቺ እንዳሰብሽው አይደለም። አላረገዝኩም። አምስት ወር ሲቀር እኔም አንቺ ያሰብሽውን አስቤ፣ ለብቻዬ ደስ ብሎኝ፣ ፈቃድ ወስጄ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶክተሯ በማሳያው ላይ ማህፀኔን አሳየችኝ። ባዶ ነው። ከጎንና ከጎኑ፣ እንቁላል በሚዘጋጅበት ቦታ፣ ትንንሽ ጥቋቁር ክቦች ተደርድረዋል። "እንቁላሎቹ ማደግ ይጀምሩና ሳይበስሉ ይቆማሉ" አለችኝ። ስሙ ረጅም ነው፤ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ይባላል። ለካ የወንድ የምንለው ሆርሞን በሴትም ሰውነት ውስጥ አለ፤ እኔ ጋ ልክ አልፏል። ብጉሩም፣ ክብደቱም፣ አገጬ ላይ የሚበቅለውም ከዚሁ ነው። ስለ አገጬ ነግሬሽ አላውቅም ነበር፤ አሁን አወቅሽ።

አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ያዘዘችልኝ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ነው።

አትጩሂ፣ ጨርሺልኝ። ኪኒኑ ውስጥ ያለው ሆርሞን ኦቫሪውን፣ ያን እንቁላል የሚያዘጋጀውን፣ ያሳርፈዋል አለች። ያን ጊዜ የወንዱ ሆርሞን ይቀንሳል፤ የተረፈውንም ደም ውስጥ የሚይዘው ነገር ይበዛል፣ እንደ ልቡ አይዘዋወርም። ለወራት ሳይወርድ የቆየው የማህፀን ሽፋን እየወፈረ ከሄደ ውሎ አድሮ ለክፉ በሽታ ይዳርጋል፤ ኪኒኑ በየወሩ እንዲወርድ ያደርገዋል። ስድስት ወር እወስዳለሁ። ከዚያ ልጅ ስንፈልግ እሱን አቁማ እንቁላሉን የሚያበስል ሌላ መድኃኒት ትሰጠኛለች። "መካን አይደለሽም" አለችኝ። ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

ችግሩ ካርቶኑ ነው። ምን እንደሆነ በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል። ባለቤቴ በየአሥር በየአሥራ ሁለት ቀኑ ከመንገድ ሲገባ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ልጅ ነው፤ ጭነት መኪናው ውስጥ ለልጅ የሚሆን ወንበር የት ጋ እንደሚገጠም ሳይቀር ለክቶታል። አማቴ ደግሞ የጎረቤት ገመድ ላይ የሕፃን ልብስ ባዩ ቁጥር "አቤት ማማሩ!" ይላሉ፣ ለገመዱ። ገመዱ እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ልጅ ሲጠበቅባት የኖረች ሴት ቤት ውስጥ ይሄ ካርቶን ቢገኝ ማን ያስረዳልኛል? ስለዚህ ሃያ አንዱንም ኪኒን ከማሸጊያው ፈልፍዬ የሸሚዝ ቁልፍ የማስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ ከነጫጭ ቁልፎች ጋር ቀላቀልኳቸው። አንድ በዋጥኩ ቁጥር አንድ ነጭ ቁልፍ ወደ ትንሹ ጣሳ አሻግራለሁ፤ ቀኑ እንዳይጠፋኝ። ከሰው ጣሳ ቁልፍ የሚፈልግ የለም።

ባልሽ ጥሎሽ የሄደው በዚሁ በልጅ ነገር እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። የኔም እንደዚያ እንዳይሆን ነው ፍርሃቴ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጅ ሆኜ ከአንቺ ጋር ሳድግ፣ ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ዘግተሽ አገጭሽን ስትላጪ በቀዳዳ አይቼሻለሁ። ያንቺም ይሄው ነበር እንዴ?

ፍንጭትሽ

ጥቅምት 9

ፍንጭቴ፣

ደብዳቤሽን የልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ዘግቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማደሪያው ውስጥ ካሉት አርባ ስድስት ልጆች አሥሩ በሩን አንኳኩተዋል፤ ሳሙና እየቆጠርኩ ነው አልኳቸው። ጉልበቴን ተይው፣ ጉልበት ይደርሳል።

ልጄ፣ አንቺን ማን ነው ያሳሳተሽ? ልጅ የምትፈልግ ሴት የልጅ መከላከያ ትውጣለች? ውሃ ጠማኝ ብሎ ቧንቧ መዝጋት ማለት ይሄ ነው። ሐኪም ሐኪም ነው፣ ሰው ነው፣ ይሳሳታል። አሁን የያዘሽ ስንፍና የሰውነት ነው፤ ስንት ሴት አንድ ዓመት ቀርቶባት መንታ ወልዳለች። ኪኒኑን ዛሬውኑ ጣይው። እኔ አንቺን ያሳደግሁት በሆርሞን አልነበረም።

ካደረግሽው ሁሉ አንድ ደህና ነገር ለባልሽ አለመንገርሽ ነው። በሱ ጽኚ። ወንድ አንዴ "ችግሩ ከሷ ነው" የሚለው ነገር ከገባው፣ ወጥ ቢጣፍጥም ባይጣፍጥም ከሱ ጋር ያገናኘዋል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም።

ስለ መጋረጃው የጻፍሽውን አላየሁትም እንበል።

አክስትሽ

ጥቅምት 28

እታለም፣

እንዳልጽፍልሽ አሥር ጊዜ ተነስቼ አሥር ጊዜ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ተቆጥቼሽ ነበር፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ አሁን ሁለቱም ለቀቀኝ። "ጣልሽው ወይ?" ብለሽ ለላክሽው ለዚያች ባንድ መስመር ለሞላች ወረቀት መልሱ፣ አዎ፣ ጥዬው ነበር።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ከአሥራ ሁለተኛው ቁልፍ ላይ አቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ደም መጣ። እታለም፣ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! አምስት ወር የቀረ ነገር ሲመጣ፣ አክስቴ እውነቷን ነው፣ ዳንኩ ብዬ ማሽኑ ላይ ዘፈንኩ። መቀስ የምንላት አለቃችን "ዛሬ ምን ተገኘ?" አለችኝ። ሳምንት ሳይሞላ ለዶክተሯ ምሥራች ልነግራት ሄድኩ።

አንገቷን ነቀነቀች። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣ ደም ነው እንጂ የራሴ የወር አበባ አይደለም አለችኝ። እንቁላል አልበሰለም፣ ምንም አልተለወጠም። "ማነው አቁሚ ያለሽ?" ስትለኝ "ማንም" አልኳት። አንቺን አላሳጣሁሽም። አዲስ ካርቶን ሰጠችኝ፣ ሃያ አንድ ቀን ወስጄ ሰባት ቀን እንዳርፍ፣ ከዚያ እንደገና እንድጀምር። የድሮውን ትራፊ ጣልኩት፤ አዲሱንም እንደ ቀድሞው ጣሳው ውስጥ አስገባሁት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ኪኒኑ ቀላል አይደለም። ጠዋት ያቅለሸልሸኛል። ጡቴ ያመኛል፣ ራሴን ከባድ ያደርገዋል። ከሁሉም የከፋው ለቅሶው ነው። ባለፈው ማክሰኞ የተማሪ የደንብ ልብስ ኮሌታ ስሰፋ ያለ ምንም ምክንያት እንባዬ ወረደ፤ አርባ ኮሌታ በእንባ ሰፋሁ። የማለቅሰው እኔ ነኝ ወይስ ኪኒኑ? መለየት አቃተኝ። ዶክተሯ "በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያጋጥማል፣ ብዙውን ጊዜ ይረጋል፤ ካልረጋ ሌላ ዓይነት አለ፣ ብቻ ዝም እንዳትይኝ" ብላኛለች። አገጬ ያው ነው። ለሱ ገና ስድስት ወርም ከዚያ በላይም ይፈጃል ተብያለሁ። አንድ ነገር ግን በብርቱ አስጠንቅቃኛለች፦ አንድ እግሬን ብቻ ካበጠኝና ካመመኝ፣ ወይም ደረቴን ከወጋኝ፣ ሰዓት ሳልቆጥር እንድመጣ። ደም ሊረጋ ይችላል አለች፤ ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ ሲደርስ ግን አይቀለድበትም። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ እግሬን ስለካ እውላለሁ፤ የልብስ መለኪያ ሜትር አንገቴ ላይ ስላለ ማንም አይጠረጥረኝም።

በቁጣ የጻፍኩት ካለ ይቅር በይኝ። ያስጣልሽኝ ስለምትወጂኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

ፍንጭትሽ

ኅዳር 10

ፍንጭቴ፣

እኔ ልጠየቅ እንጂ አንቺ ምን ይቅርታ ትጠይቂያለሽ! አፌን በቆረጠው። ደብዳቤሽን አንብቤ ሁለት ቀን ምግብ እንቢ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ነርስ ሄድኩ። "አንዲት ተማሪ አለች" ብዬ ጀመርኩ። "የወር አበባዋ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ፊቷ ላይም ይበቅልባታል። ሐኪም የወሊድ መከላከያ አዘዘላት፤ ይሄ ነገር ጤና ነው?" ነርሷ ያንቺ ዶክተር ያለችውን ቃል በቃል ደገመችልኝ። ኪኒኑ መከላከያ ከመሆኑ ሌላ መድኃኒትም ነው አለች። ካቆሙት በኋላ ልጅ እንዳይመጣ አያደርግም፤ በሽታውን ከሥሩ ነቅሎ ባይጥለውም ልጓም ያገባለታል። ሁሉንም በወረቀት ጻፈችልኝ። ከዚያ "ተማሪዋ ትላጫለች እንዴ?" ብላ ስትጠይቀኝ ዓይኗ አገጬ ላይ አረፈ። ሻርፔን ሳብ አድርጌ አመስግኜ ወጣሁ።

ስለዚህ ተሳስቻለሁ። ኪኒንሽን ዋጪ። የሚያስለቅስሽ ከሆነ አልቅሺና ዋጪ፣ ካልተሻለሽ ለዶክተሯ ንገሪ፤ እኔን ግን በሕክምና ነገር ሁለተኛ እንዳትሰሚኝ። እግርሽንም በሜትር አትለኪው፣ በፍርሃት የተለካ እግር ሁልጊዜ ያበጠ ነው።

ባልሽን በተመለከተ ግን ቃሌን አላነሳም። ኋላ በላክሻት አጭር ወረቀት "እኔ ብነግረውስ ምናለበት?" ላልሽኝ፣ አለበት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ አይቻለሁ። ስድስት ወሩ ይለቅ፣ ልጁ ይምጣ፣ ያኔ የፈለግሽውን ታወሪዋለሽ። ስለ ራሴ የጠየቅሽኝን ሌላ ቀን።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 5

እታለም፣

ይሄን የምጽፍልሽ የምሳ ሰዓት ላይ ነው፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ። ቸኩዬ ስለምጽፍ ጽሕፈቴ ካልተነበበሽ ይቅርታ። ደህና ነኝ፣ መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ።

ባለፈው ሳምንት የማሽኖቻችን ሞተር ተቃጥሎ አሮጌዎቹን የእግር ማሽኖች ከመጋዘን አወጡልን። አራት ቀን ሙሉ ስረግጥ ዋልኩ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ቀኝ ባቴ አብጦ አልንቀሳቀስ አለ። ደም ረጋ! መቀስን እንኳ ሳላስፈቅድ፣ መለኪያው አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ሐኪም ቤት ሮጥኩ። መሮጤንም ዶክተሯ "ባበጠ እግር?" ብላ ስቃብኛለች። እግሬ በማሳያው ታየ፣ ደሜ ደህና ነው። የማሽን ርግጫ ነው ተባልኩ። እፎይ ብዬ ልወጣ ስል "እስቲ ኪኒንሽን አሳዪኝ፣ በትክክል መውሰድሽን ልይ" አለችኝ። ለቁጥጥር እንድይዘው ነግራኝ ስለነበር ጣሳውን ለቀጠሮው ቀን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌው ነበር። ምን ምርጫ አለኝ? ጣሳውን ጠረጴዛዋ ላይ ገለበጥኩት።

ዶክተሯ ቁልፉንና ኪኒኑን አየች። ከዚያ ተቆጣችኝ፤ እርጥበት ያበላሸዋል፣ ማሸጊያው ለጌጥ አይደለም አለች። በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየገፋች ቆጠረች። አሥራ ሁለት ቁልፍ አሻግሬያለሁ፤ ዘጠኝ ኪኒን መቅረት ነበረበት። ስምንት ነው። ደግማ ቆጠረች። ስምንት።

"ሁለት ውጠሽ ይሆናል፣ ችግር የለውም" አለች። አልዋጥኩም እታለም! ቁልፍ ሳላሻግር ኪኒን ነክቼ አላውቅም። ቤት ገብቼ የቤት ስፌት ማሽኔን ፈታሁ፣ ምንጣፉን አራገፍኩ፣ የአልጋውን እግር ሳይቀር አነሳሁ። የለችም። አንድ ሰው ወስዷታል።

መጀመሪያ አማቴን ጠረጠርኩ። እሳቸው ግን ኪኒን ቢያገኙ ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም፤ ጣሳውን ይዘው መንገድ ይወጡ ነበር። ታዲያ ማን ቀረ?

ባለቤቴ ተለውጦብኛል። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሲመጣ ከሥራ ስመለስ ቀድሞኝ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ደከመኝ አለ። ሦስት ቀን ሊያድር መጥቶ በሁለተኛው ሄደ። ትናንት ደግሞ ተመልሷል። ስለ ልጅ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ጃኬቱን አያወልቅም። ቤት ውስጥ፣ ራት ሲበላ፣ ከእናቱ ጋር ሲያወራ፣ እስከ አንገቱ ዘግቶ ነው የሚቀመጠው። ሊሄድ የተነሳ ሰው ይመስላል። "አውልቅና እረፍ" ስለው "ይበርደኛል" ይላል፤ ቤቱ ግን ሞቃት ነው። እናቱ እንኳን "ምነው፣ እንግዳ ሆንክብን?" አሉት።

አውቋል። ሊተወኝ ነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምጠይቅሽን እንደ ሌላው ጊዜ አትለፊው፤ ቢያምሽም መልሺልኝ። ያንቺ ባል ጥሎሽ ከመሄዱ በፊት ምን ይል ነበር? ምልክቱ ምን ነበር? ጃኬት ያጠልቅ ነበር? ሳይሄድ በፊት ምን ብትዪው ኖሮ ይቀር ነበር?

ፍንጭትሽ

ታኅሣሥ 12

ፍንጭቴ፣

ይሄን ደብዳቤ ስጽፍ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሁለቱን ቀድጄዋለሁ፤ በሁለቱም ዋሽቼ ነበር።

ምልክቱን ልነግርሽ አልችልም። ምልክት አልነበረም። ጥሎኝ አልሄደም። የሄድኩት እኔ ነኝ።

እናትሽ፣ ነፍሷን ይማር፣ ከኔ ሌላ ይሄን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። አሁን አንቺ ሁለተኛ ሆንሽ። ብስክሌት ጠጋኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረችን፤ የጎማና የዘይት ሽታ ከልብሳችን አይለቅም ነበር። ለአምስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሲወጣ መጋረጃውን ዘግቼ እላጫለሁ። ምላጩን ዱቄት ማስቀመጫው ሥር ነበር የምደብቀው። ወር አበባዬ በዓመት ሁለቴ ከመጣ እልል ነው። ልጅ የለም። እሱ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፤ እኔ ግን ዝም ባለ ቁጥር በሆዱ የሚለውን እየፈለሰፍኩ እሰማ ነበር።

አንድ ቀን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገብቶ "ቀጠሮ ይዣለሁ" አለኝ። "ሁለታችንም እንታይ። ማን ያውቃል፣ ከኔ ሊሆን ይችላል።" ከኔ ሊሆን ይችላል አለኝ፣ ፍንጭቴ። እንዲህ የሚል ሰው ስንት አለ? እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። ሐኪሙ "ከሷ ነው" ሲል፣ ያን ጊዜ የሱን ፊት እንዳይ ነው የጠራኝ ብዬ ሰማሁ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት እሱ ሱቁን ሊዘጋ ሲወጣ እኔ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

እናትሽ ቤት ሁለት ጊዜ መጣ። እኔ ዕቃ ቤት ውስጥ በርሜል ጀርባ ቆሜ፣ እናትሽን "እዚህ የለችም" አስባልኳት። ድምፁን እሰማለሁ። "ምን እንዳጠፋሁ ብቻ ትንገረኝ" ይላል። በሁለተኛው ጊዜ ለኔ ብሎ ያበጃትን ብስክሌት ይዞ መጥቶ በር ላይ አቁሟት በእግሩ ተመለሰ። አንቺ መንዳት የተማርሽባት ሰማያዊ ብስክሌት እሷ ናት።

ዘመድ "ፈታት" ሲል ዝም አልኩ። የተፈታች ሴት ታሳዝናለች፤ የሸሸች ሴት ግን ለምን ትባላለች። እኔ ደግሞ ለለምን መልስ አልነበረኝም፤ የበሽታው ስም እንኳ ያንቺ ደብዳቤ እስኪመጣ አልነበረኝም። አዎ፣ የጠየቅሽኝ ልክ ነው። ያንቺው ነው። መጋረጃውም፣ አገጩም፣ ወሩም።

ለሁለት ወር "እንዳትነግሪው" እያልኩ የመከርኩሽ አይቼ አይደለም። የራሴን ስህተት ባንቺ ላይ ትክክል ላደርገው ነበር። እኔ ምክንያቴን ነገርኩት ብዬ የተተውኩ ሴት አይደለሁም፤ ስላልነገርኩት ነው ብቻዬን የቀረሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ ሰምቼ አድጌ፣ መድኃኒቱን ለደበቅሽው ለአንቺ ደብቂው እላለሁ።

ንገሪው። ጃኬቱን ለብሶም ቢሆን ንገሪው። ሊሄድ ከሆነ ሰምቶ ይሂድ፣ ሊቀር ከሆነ ሰምቶ ይቅር። ካርቶኑንም አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። እኔን ልትጠዪኝ ትችያለሽ፣ ለሱ ጊዜ አለን።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 20

እታለም፣

አልጠላሁሽም። ደብዳቤሽን ማሽኔ ሥር ተንበርክኬ አነበብኩት፤ መርፌ ወድቆብኝ ነው አልኳቸው። ሰማያዊዋን ብስክሌት ሳስብ ግን ልቤ እስከ አሁን ይሰበራል።

የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በስልክ ጮኸሽ፣ ምናልባት ማደሪያው ሁሉ እየሰማ፦ "ነገርሽው?" ስልኩን የዘጋሁብሽ አማቴ ከፊቴ ስለነበሩ ነው። ይኸው ሙሉውን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገባ። እናቱ ገበያ ናቸው። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ቀድሜ አስቀምጬዋለሁ፤ አዲሱ ነው፣ ከማሸጊያው አላወጣሁትም። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ከፊቴ ተቀመጠ። ካርቶኑን አየው፣ አላነሳውም። "የምነግርህ ነገር አለኝ" አልኩት።

"ቆይ፣ እኔ ልቅደም" አለኝ። ከደረት ኪሱ የታጠፈች የጭነት ሚዛን ወረቀት አወጣ። ሲፈታት ኪኒኗ ውስጧ አለች። ከላብ የተነሳ ጠርዟ ረግፏል።

"ይቅርታ፣ ሰርቄሽ ነው" አለኝ። እየሰማሽኝ ነው እታለም? እሱ እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ።

ኅዳር ላይ ነው፣ ያን ከሥራ ስመለስ አልጋ ላይ ተቀምጦ ያገኘሁት ዕለት። የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶበት፣ እስክመጣ ራሱ ሊሰፋው ጣሳዬን ከፈተ። ቁልፍ ብሎ ያነሳት ቀዳዳ የላትም። የታመምኩ መስሎት፣ ልጠይቃት ወይስ ዝም ልበል ሲል ቆይቶ አንዷን ይዞ ሄደ። መንገድ ላይ ያለ መድኃኒት ቤት አሳያት። እዚያ ያለችው ልጅ ከጎኗ የታተመባትን አንብባ ሳቀችበት። "ሚስትህ ብልህ ናት፣ ልጅ ሳታስበው እንዳይመጣባት ነው" አለችው።

"ከኔ ልጅ አትፈልግም ብዬ አሰብኩ" አለኝ። "አልፈርድብሽም። በወር ስድስት ቀን የሚገኝ አባት ምን ያደርግላታል አልኩ። ወንበሩን ለክቼ የነበረውን ምልክት ከመኪናው ላይ አጠፋሁት። አንቺ ራስሽ እስክትነግሪኝ ልጠብቅ፣ ካልነገርሽኝም አላስገድድሽም ብዬ ነው።"

እኔ እየጠበቅሁት፣ እሱ እየጠበቀኝ፣ አንዲት ኪኒን በሁለታችን መካከል በኪስ ስትዞር ከረመች። ሁሉንም ነገርኩት። ኦቫሪውን፣ ሆርሞኑን፣ እንቁላሉን፣ የረገጥኩትን ማሽን፣ የአገጬን ነገር። ስለ አገጬ ስነግረው "እሱንማ አውቃለሁ፣ በጠዋት ትወጊያለሽ" አለኝና በመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ቀጣዩ ቀጠሮዬ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ጭነቱን ለጓደኛው ሰጥቶ አብሮኝ ሊሄድ ነው። ልጅ ይመጣ አይመጣ እንደሆን ዶክተሯም አልማለችልኝም፤ የኪኒኑ ስድስት ወር ሊያልቅ ገና አራት ወር ይቀረኛል። እሱም "ካልመጣም ወንበሩ ላይ አንቺ ትቀመጪበታለሽ" ብሎኛል። እንባዬ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ኪኒኑ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ለእናቱ ራሱ ነገራቸው። "ሕክምና ላይ ናት፣ ገመድ ማየት ይብቃ" አላቸው። እሳቸውም ተቆጥተው "ታዲያ እስከ ዛሬ እኔን ማን ባዳ አደረገኝ?" አሉ። ከዚያ ወዲህ ኪኒን መዋጫ ሰዓቴን እያስታወሱ ያሳብዱኛል።

ያልነገርኩሽ አንድ ነገር ቀረ። እየተላቀስን ሳለ ሞቆት ጃኬቱን አወለቀ። ግራጫው የሥራ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ሁለተኛው ቁልፍ የለም። ቁልፍ ስፊልኝ ካለኝ ጣሳውን በፊቱ ስከፍት እንዳልዋረድ ብሎ ነው በዚያ ሙቀት ጃኬት ለብሶ የከረመው። ሃያ ሦስት ቀን፣ እታለም። በቀን ሦስት መቶ ቁልፍ የምሰፋ ሴት፣ የባሌ ሸሚዝ ለሃያ ሦስት ቀን አንድ ቁልፍ ሲጎድለው አላየሁም። የራሴን ፍርሃት ሳይ ነበር።

ሰፋሁለት። እላዩ ላይ እንዳለ ነው የሰፋሁት።

ፍንጭትሽ

ጥር 8

ፍንጭቴ፣

ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አትጠይቂኝ። ባልሽን ሳሚልኝ፤ አማትሽንም፣ ከቻልሽ።

ሰሞኑን በስልክ "ያ ሰው በሕይወት አለ ወይ?" ላልሽኝ፣ አለ። ሌላ አገባ፣ ሦስት ልጆች አሉት፣ ትልቁ ሱቁን ይዟል ሲሉ ሰምቻለሁ። ምን እንዳጠፋ ብቻ ልንገረው ብዬ ደብዳቤ ጀምሬያለሁ። ምንም አላጠፋህም የሚል ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። እስካሁን አልላክሁትም፣ ግን አልቀደድኩትም።

ሰኞ ወደ ነርሷ ሄድኩ። "ያቺ ተማሪ…" ስትለኝ "ተማሪ የለችም፣ እኔ ነኝ" አልኳት። ወንበር ሳበችልኝ። ሐኪም ጋ አብራኝ ሄደች። ስኳሬንና ግፊቴን ለኩ፣ ማህፀኔንም አዩት፤ ሽፋኑ ትንሽ ወፍሯል፣ ናሙና ወስደዋል፣ ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይደርሳል። እፈራለሁ፤ ልዋሽሽ አልፈልግም። ሲደርስ መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ፣ በጩኸትም ቢሆን።

አንድ ነገር ልንገርሽና ልጨርስ። ዛሬ ጠዋት መጋረጃውን ሳልዘጋ ተላጨሁ። ክፍሌ ከግቢው ጋር ትይዩ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሳሙናው ፊቴ ላይ እንዳለ፣ ባልዲ የያዘች አንዲት ተማሪ መስኮቱ ሥር ቆማ ታየኛለች። እጄ ቀጥ አለ። ሰላሳ አንድ ዓመት የፈራሁት ቀን ይኸው መጣ ብዬ ጠበቅሁ።

ጠጋ ብላ አየችኝና "እትዬ፣ ከዚህ በኩል ትንሽ ቀርቶብዎታል" አለችኝ። ባልዲዋን አንስታም ሄደች።

አክስትሽ